የሥራ ቦታ ደኅንነት ምልክቶችና የቀለም ኮዶች፦ የአባላት ጥያቄና መልስ

በፋብሪካ፣ በጋራዥና በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ አባላት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቀዩም ቢጫውም ስለ አደጋ የሚናገር ይመስለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የደኅንነት ምልክቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ በሆነው በአይኤስኦ 7010 መሠረት ቀይ ክብ ከነሰያፍ መስመሩ ክልከላን፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያን፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታን፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ደግሞ መውጫንና የመጀመሪያ እርዳታን ያመለክታል። የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውም ምልክት ቀይ ነው፤ ነገር ግን ቅርጹ አራት ማዕዘን በመሆኑ ከክልከላው ይለያል። ስለዚህ ቀለሙንና ቅርጹን አንድ ላይ ያንብቡ። ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሠራተኞች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት ስላልሆኑ ምልክት በግቢ ውስጥ ስታሠሩ ቅርጹን ለማሳመር ብላችሁ አትቀይሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ መስመር ስቀጥል ጥቁሩና ሰማያዊው ሽቦ ግራ አጋባኝ። የትኛው ነው ኒውትራል?

ወንድሜ፣ በቀለሙ ብቻ መልስ ብሰጥህ ሕይወትህን ለአደጋ አጋልጥ ነበር። በቀድሞው የእንግሊዝ አሠራር በሦስት ፌዝ መስመር ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡት ሽቦዎች) ሲሆኑ ጥቁር ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ነበር። በአሁኑ የአውሮፓ አሠራር ግን ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ፌዝ ሆነው ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ እንግሊዝ ራሷ ወደዚህ የተሸጋገረችው ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ከቻይና የሚገቡ ማሽኖች ደግሞ በአብዛኛው ፌዞቻቸው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው። እንግዲህ በአንዱ አሠራር ኒውትራል የሆነው ጥቁር ሽቦ በሌላው ፌዝ ነው፤ ሰማያዊውም እንዲሁ ተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን በየጊዜው ጥገና የተደረገለት ሕንፃ ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ።

ስለሆነም መጀመሪያ ብሬከሩን (የመስመሩን ማጥፊያ) አጥፋ፤ ሌላ ሰው እንዳያበራው በቁልፍ ቆልፈህ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ታግ ከነስምህ አንጠልጥልበት። ከዚያ ቴስተርህን ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር፣ መስመሩን ለካ፣ ተመልሰህም ቴስተሩን እንደገና በዚያው ቦታ ሞክር፤ በመሐል ቴስተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላልና። ሥራውን ስትጨርስ አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት ቦታ የሽቦዎቹን ሁለቱንም ጫፎች ስም ለጥፍባቸው። ከአንተ በኋላ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው የአንተን ሐሳብ ሊያውቅ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በብየዳ ቤታችን ጥቁር ሲሊንደሮች አሉ። ሁሉም ኦክስጅን ናቸው ብሎ ማመን ይቻላል?

አይቻልም። በቀድሞው የእንግሊዝ ደረጃ የኢንዱስትሪ ኦክስጅን ሲሊንደር ጥቁር ነበር፤ በአሁኑ የአውሮፓ ደረጃ ግን ከሲሊንደሩ አንገት በታች ያለው ትከሻ ነጭ ሲሆን ኦክስጅን፣ ጥቁር ሲሆን ናይትሮጅን ነው። በአሜሪካ ደግሞ የሕክምና ኦክስጅን አረንጓዴ ነው። ምንጊዜም የሚታመነው በሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈው የጋዙ ስም ነው፤ ስሙ የጠፋበትን ሲሊንደር ሳትጠቀሙ ለአቅራቢው መልሱ።

ጥያቄ፦ የመውጫ ምልክት ምን ያህል መተለቅ አለበት?

ከውጭ ብርሃን ለሚያርፍበት ምልክት የተለመደው ስሌት ከሚነበብበት ርቀት አንድ መቶኛ ነው፤ ከ20 ሜትር እንዲታይ ከተፈለገ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ይሁን። በተከፈተ በር ወይም በተደረደረ ዕቃ እንዳይሸፈንም ከፍ ተደርጎ ይሰቀል።

ጥያቄ፦ አሠሪያችን «ምልክት ሰቅያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የሠራተኛው ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል ነው?

ትክክል አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው የማሳወቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያም የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የማሽኑ ቀበቶና ጥርስ ክፍት ሆኖ በላዩ ላይ «ተጠንቀቅ» የሚል ቢጫ ምልክት ቢለጠፍ የደከመን ሠራተኛ እጅ አያድንም፤ የሚያድነው የብረት መሸፈኛው ነው። ምልክት የሚያስፈልገው አደጋውን ማስወገድ ወይም መከለል ከተሞከረ በኋላ ለሚቀረው ስጋት ነው። «ጓንት አድርግ» የሚል ሰማያዊ ምልክት ሰቅሎ ጓንት አለማቅረብም ሠራተኛው ሌሎቹን ምልክቶች ጭምር እንዲንቅ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ማንበብ ለማይችሉ የቀን ሠራተኞችስ?

ሥዕሉ የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ሥዕልም መማር አለበት። በመጀመሪያው ቀን በግቢው ውስጥ አዙራችሁ እያንዳንዱን ምልክት በተሰቀለበት ቦታ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዷቸው፤ ከዚያም መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ብርቱካናማው ምልክት ከቢጫው በምን ይለያል?

በአሜሪካው አንሲ ዜድ 535 ደረጃ ቀይ፣ ካልተከላከሉት ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚዳርግን አደጋ፣ ብርቱካናማ ለዚያ ሊዳርግ የሚችልን፣ ቢጫ ደግሞ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊያስከትል የሚችልን አደጋ ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ምልክቶች በየስንት ጊዜው መቀየር አለባቸው?

የጊዜ ገደብ ከማስቀመጥ ይልቅ በወርሃዊው የደኅንነት ቁጥጥር ውስጥ አስገቧቸው። ፀሐይ ላይ የሚውል ምልክት ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ቀድሞ ይደበዝዛል። በነዳጅ ማከማቻ በር ላይ ያለ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ቀዩ ክብና ሰያፉ መስመር ከጠፋበት የሚቀረው የሚጨስ ሲጋራ ሥዕል ብቻ ነው፤ ለእንግዳ ሰው ማጨሻ ቦታ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን የወሩን ቁጥጥር ሳትጠብቁ በዕለቱ ቀይሩት።