«የጤና ጣቢያ መዋጮ ካልጨመርክ ግብርህን አንቀበልም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ሩዝና ሽንኩርት የማመርት ገበሬ ነኝ። የመሬት ግብሬን ልከፍል ቀበሌ ብሄድ «ለጤና ጣቢያው ማስፋፊያ 500 ብር ካልጨመርክ ግብርህን አንቀበልም» አሉኝ። የጤና መድኔን በጊዜው አሳድሻለሁ። 500 ብሩን የመክፈል ግዴታ አለብኝ? ግብሬ ሳይከፈል ቢያድርስ ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ 500 ብሩ ግዴታዎ አይደለም። ግብሩን ግን ለነገ አይበሉት። የይዞታ ክርክር ሲነሳ ከመሬት ደብተሩ ጋር አብሮ ከሳጥን የሚወጣው የግብር ካርኒው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የሚወስነውም፣ በገበሬው ላይ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚጥለውም ክልሉ ነው። ወረዳው ይሰበስባል፣ ቀበሌው ያግዛል፤ አዲስ ግብር መፍጠር ግን የሁለቱም ሥልጣን አይደለም። መዋጮ በፈቃድ ነው። በስብሰባ እጅ ወጥቶበት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞበት ቢሆን እንኳ ግብር አይሆንም። ያላዋጣ ሰው ይታማ ይሆናል እንጂ ግብሩ አይመለስበትም።

የጤና መድኑም ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ እዚያው ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ነበረች፤ አሠራሩን ሳይሰሙ አይቀሩም። የአባላቱ መዋጮ ለሕክምና ነው፤ ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ ከዚያ ይጠይቃል። ለግድግዳና ለቆርቆሮ የሚውል ብር አይደለም። ደብተርዎ ከታደሰ ደግሞ 500 ብር አላዋጡም ተብሎ ሕክምና አይከለከሉም።

ቀበሌውን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። የወረዳ በጀት አብዛኛው ከክልል የሚመጣ ድጎማ ነው፤ ደመወዝ ሲከፈልበት ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጤና ጣቢያው ከካርድ፣ ከመድኃኒትና ከላቦራቶሪ የሚያገኘውን የውስጥ ገቢ ለራሱ እንዲጠቀምበት ተፈቅዶለታል፤ መድኃኒት ከገዛበት በቂ ነው። ክፍል ሲጠብ ዓይን ሁሉ ወደ ገበሬው ይዞራል፣ በተለይ ሩዝ ከተወቃ በኋላ። ሆኖም ለጤና እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ በአንቀጽ 41 የተጣለው በመንግሥት ላይ ነው።

አሁን ሰው አስከትለው ተመልሰው ይሂዱና የግብሩን ብር ብቻ ቆጥረው ያቅርቡ። እምቢ ካሉ የዚያኑ ዕለት ለወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ቀኑን፣ ያቀረቡትን ብርና አልቀበልም ያለዎትን ሰው የሥራ ድርሻ ይጻፉ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ነገ «አልከፈለም» ቢባሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክርልዎ ያ ወረቀት ነው። ወረዳውም ዝም ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ አያስከፍልም።

ጤና ጣቢያው የልጆችዎም ነውና በፈቃድዎ ላዋጣ ካሉ ደግ ነው። የተከፈለበት ምክንያት የተጻፈበት፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ካርኒ ይጠይቁ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ከሰጡዎት ብሩን ወደ ኪስዎ ይመልሱት።