ጡትና ራስ ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ቡና ስሰፍር ቀሚሴ በወተት ራሰ። ልጄ ጡት ከተወ 3 ዓመት ሆኖታል፤ የወር አበባዬም ቀርቷል። ሐኪሙ «ከራስሽ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። (እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪምሽ እውነታቸውን ነው። ከአንጎል ሥር አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች፤ የወተቱን ሆርሞን ፕሮላክቲንን የምታመነጨው እርሷ ናት። በላይዋ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል ሌሎቹን ሆርሞኖች በአብዛኛው «አመንጪ» ብሎ ያዝዛታል፤ ፕሮላክቲንን ግን ዶፓሚን በሚባል ኬሚካል ልጓም ይዞ ነው የሚኖረው። ልጓሙ ሲላላ ወተት ይመጣል፤ የበዛው ፕሮላክቲንም ሃይፖታላመስን ተጭኖ የወር አበባን ያስቀራል። አንዳንድ የማቅለሽለሽ ኪኒን እንኳ ዶፓሚንን ስለሚያግድ የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪምሽ አሳዪ። በዕጢዋ ላይ የሚወጣ እብጠትም ፕሮላክቲንን ያበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ በመድኃኒትም ይቀንሳል። መጀመሪያ ግን እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጪ፤ ቀጥሎ ፕሮላክቲንና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን በደም ይታዩልሽ። የጎን እይታሽ ከጠበበ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ዕጢዋ ከዓይን ነርቮች ሥር ናትና እኔ ይህን ምልክት ፈጽሞ አላሳድርም።