«ለመድረክ አልተፈጠርኩም» ላልከው

ደብዳቤህ ከእጄ ስላልወጣ ቅድሚያ ሰጠሁት። ባጭሩ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። ከጓደኞችህ ጋር ሮክ ትጫወታለህ። ልምምድ ላይ ጎበዝ ነህ፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ትደርቃለህ። የኩዊን ባንድ ዘፋኝ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን የላይቭ ኤይድ ቪዲዮ ደጋግመህ አይተህ «ይሄ ተሰጥኦ ነው፤ እኔ የለኝም» ብለሃል። አባትህ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይሉሃል። እና ወይ ትምህርቱን ልተው ወይ ጊታሩን ልሽጥ ትላለህ።

ሁለቱንም እንዳታደርግ።

ላይቭ ኤይድ ለእኛው የ77ቱ ረሃብ እርዳታ ለማሰባሰብ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደ ኮንሰርት ነው። ኩዊን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ የደረሳቸው 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። አንተ ያየኸው ነጭ ካናቴራ የለበሰ ሰው 70 ሺህ ሕዝብ ሲያስጨበጭብ ነው። ቡድኑ ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት ገብቶ ያችን 20 ደቂቃ ደጋግሞ እንደተለማመደ ግን አላየህም። ታዋቂ ዘፈናቸውን ቦሄሚያን ራፕሶዲን እንኳ ሙሉውን አልተጫወቱም፤ መጀመሪያውን ወስደው ወደ ሌላ ዘፈን አለፉ። ይሄ ተሰጥኦ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ነው። ፍሬዲ ያን ቀን ከ15 ዓመት በላይ መድረክ ላይ የቆየ ሰው ነበር። የያዛት ግማሽ የማይክ ዘንግ እንኳ በጀማሪነቱ ጊዜ ትርኢት ላይ ተሰብራ በዚያው የቀረችለት ናት ይባላል።

ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስም እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ፣ ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ጊታሩን ሲያቃጥል ሰው ጉድ አለ። ከዚያ በፊት ግን የሊትል ሪቻርድና የአይስሊ ብራዘርስ አጃቢ ሆኖ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ኖሯል። ቢትልሶችም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ጀርመን፣ ሃምቡርግ የምሽት ክለቦች ውስጥ በየሌሊቱ ለሰዓታት ተጫውተዋል።

አንተ ስንቴ ወጣህ? ደብዳቤህ «ሦስቴ» ይላል። ሦስቴ! በሦስት ጊዜ እንኳን መድረክ፣ መኪና መንዳትም አይለመድም።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ሚክሰር ጀርባ ነበርኩ። የፈራ ዘፋኝ ከሩቅ ያስታውቃል። ከማይኩ ይሸሻል። ሲሸሽ ድምፁ አይሰማውም። «ሞኒተር ጨምርልኝ» ይላል፣ ወደ እሱ የዞረውን ስፒከር ማለቱ ነው፤ ሲጨመርለት ማይኩ ይጮሃል፤ ያኔ የባሰ ይደነግጣል። ግማሹ ፍርሃት የሚመጣው ዕቃውን ካለማወቅ ነው። ስለዚህ የድምፅ ዕቃ የሚያከራየው ሰውዬ «ቅዳሜና እሁድ አግዘኝ» ያለህን በአንድ መስመር ማለፍህ ገርሞኛል። ለእኔ የደብዳቤህ ትልቁ ወሬ እሱ ነው። ኬብል ትጎትታለህ፣ ስፒከር ትሸከማለህ፣ ኪስህ ውስጥ ትንሽ ብር ይገባል፤ ሌሎች ሲሳሳቱም ከቅርብ ታያለህ። ጎን ለጎን ሌላ ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ጊታር ያዝ። ለጊዜው አትዝፈን። ዓይን ሁሉ አንተ ላይ ሳይሆን መድረኩን ትለምደዋለህ።

ትምህርቱን ጨርስ፣ አንድ ዓመት ነው የቀረህ። የኩዊን ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን በኤሌክትሮኒክስ የተመረቀ ነበር። ከቆሻሻ ያነሳትን የሰርኪዩት ቦርድ አምፕሊፋየር አድርጎ ሠርቷት የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ አልበም ሲቀዱ ተጠቅሞባታል። ሜይ ራሱ ለሙዚቃው ብሎ ያቋረጠውን የአስትሮፊዚክስ ዶክትሬት እ.ኤ.አ. በ2007 ተመልሶ ጨርሷል።

አባትህን በተመለከተ፣ «አዝማሪ» ስድብ አይደለም። ልጅን አሳፍሮ ሙያ ማስመረጥም ምክር አይባልም። የገንዘቡ ስጋታቸው ግን እውነት ነው፤ እዚህ አገር ሮክ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። አንተም የጊታር ክር በእሳቸው ብር እየገዛህ «በሕይወቴ አትግቡ» ማለት አያምርብህም። መጀመሪያ ክሩን በራስህ ብር ግዛ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አውሩ።

በ23 ዓመትህ አልረፈደብህም። የጊታርህ ርካሽነትም ለጊዜው ችግር አይደለም።

የድምፅ ዕቃ አከራዩ ሰውዬ ሌላ ልጅ ሳያገኝ ዛሬውኑ ደውልለት።