ቤሩት የተወለደችው ልጄ አገር የላትም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ ወጣሁ፤ ፓስፖርቴ አሠሪዬ ጋ ቀረ። ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ሱዳናዊው አባቷ ጥሎን ሄዷል። ሰዎች «ልጅሽ አገር የላትም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ልጅሽ ኢትዮጵያዊት ናት፣ በቃ። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፣ የትም ይወለድ። ሰዎቹ ምናልባት የሊባኖስን ሕግ ይዘው ይሆናል፤ እዚያ ዜግነት የሚወረሰው ከአባት ስለሆነ፣ የውጭ ዜጋ ያገባች ሊባኖሳዊት እንኳ ለልጇ ማውረስ አትችልም (ይሄ ራሱ ያንገበግበኛል)። ያንቺ ችግር ወረቀቱ ነው። ከሆስፒታሉ ወይም ከአዋላጇ የልደት ማስረጃ ይዘሽ ቤሩት ያለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ሂጂና አስመዝግቢያት፣ ነገ ዛሬ አትበይ። ፓስፖርትሽ መያዙንም እዚያው ተናገሪ፤ ያንቺ እንጂ የአሠሪሽ አይደለም።