ስለ ሲንተቲክ የሞተር ዘይት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የሞተር ዘይት አመራረጥን የሚመለከቱት ስለበዙ አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው፣ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ አነስተኛ ሞተር አላት። የመመሪያ መጽሐፏ 5ደብሊው-30 ውፍረት ያለው፣ ኤፒአይ ኤስኤን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዘይት እንድጠቀም ያዝዛል። ልገዛ ስሄድ ሦስት ዓይነት ጋሎን ቀረበልኝ። ሦስቱም «ሙሉ ሲንተቲክ» እና «ፕሪሚየም» ተብሎ የተጻፈባቸው ቢሆኑም የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ነው። ውዱ በእርግጥ ይሻላልን? በምንስ ልለያቸው?

መልስ፦ «ሙሉ ሲንተቲክ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚነግርዎ ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ስለሆነ፣ ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት ጋሎኑን ወደ ጀርባው ያዙሩት። የሞተር ዘይት የሚሠራው አብዛኛውን ክፍል ከሚይዘው መሠረታዊ ዘይትና ከእርሱ ጋር ከሚቀላቀሉ ተጨማሪ ኬሚካሎች ነው። በአጭሩ ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም መሠረታዊ ዘይቶችን በአምስት ምድብ ይከፍላቸዋል። አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ከድፍድፍ ዘይት ተጣርተው የሚገኙ ናቸው። ሦስተኛውም ከድፍድፍ ዘይት ይነሣል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ ስለሚለወጥ ጠባዩ ከመነሻው በእጅጉ ይርቃል። አራተኛው ፖሊአልፋኦሌፊን የሚባለው፣ ከትናንሽ ሞለኪውሎች በፋብሪካ የሚገነባው ነው። አምስተኛው ኤስተርንና ሌሎች ቀሪዎችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በዘይት አምራቾቹ በሞቢልና በካስትሮል መካከል በተነሣ የማስታወቂያ ክርክር፣ የማስታወቂያ ዘርፉ የራሱ ተቆጣጣሪ አካል ሦስተኛውን ምድብ «ሲንተቲክ» ብሎ መሸጥ እንደሚቻል ከወሰነ ወዲህ፣ ሙሉ ሲንተቲክ ከሚባሉት ዘይቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዚህ ምድብ ነው። እኔ ይህን እንደ ማታለል አላየውም፤ በደንብ የተሠራ የሦስተኛው ምድብ ዘይት ለአብዛኛው የቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ሁለት ጋሎኖች አንድ ዓይነት ቃል ስለተጻፈባቸው ውስጣቸው አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በጀርባው ላይ አስቀድመው የሚፈልጉት የውፍረቱን ቁጥር ነው። በ5ደብሊው-30 ውስጥ ደብሊው የብርድ ወቅትን የሚያመለክት ፊደል ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው 5 ዘይቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተፈትኖ ሞተሩ በብርድ እንዲዞር የሚያስችል ቅጥነት እንዳለው ይናገራል። 0ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ፣ 15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። ከኋላ ያለው 30 በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) መሆኑን፣ 40 ቢሆን ኖሮ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ መሆኑን ያሳያል። ወፍራም ዘይት ሞተርን የበለጠ ይጠብቃል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ የዛሬ ሞተር በብረቶቹ መካከል የተተወለት ክፍተት ጠባብ ነው፤ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚለዋውጠው ክፍልም የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ስለሆነ ከታዘዘው የወፈረ ዘይት ሥራውን ያዘገይበታል። ስለዚህ መጽሐፉ ከፈቀዳቸው ቁጥሮች አይውጡ።

ቀጥሎ የሚታየው የኤፒአይ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆኖ ይታተማል፣ በላይኛው ግማሹ የአገልግሎት ደረጃው፣ በመሐሉ የውፍረቱ ቁጥር ይጻፍበታል። ደረጃው በኤስ ሲጀምር ለቤንዚን ሞተር የተዘጋጀ ነው፤ ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር መስፈርቱ አዲስ ነው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ ደግሞ በግንቦት 2020 የወጣ ሲሆን፣ ኤስፒ የተጻፈበትን ዘይት ኤስኤን በሚጠይቅ ሞተር ላይ መጠቀም ይቻላል። ለእርስዎ መኪና ደግሞ ከመቻልም አልፎ ተመራጭ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እንደ እርስዎ ያለው ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ሆኖ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ፣ ካንዴላው ብልጭታ ከመስጠቱ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቅልቅል ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ያ ያለጊዜው የሚመጣ ፍንዳታ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። በምርምር እንደታወቀው በዘይቱ ውስጥ ለማጽጃነት የሚጨመረው ካልሲየም ይህን ክስተት ያባብሰዋል፤ ስለዚህም አምራቾች የካልሲየሙን ከፊል በማግኒዥየም ተኩ። ኤስፒ ዘይቶች ለዚሁ ችግርና ለታይሚንግ ካቴና (የቫልቮቹን መከፈት ከሞተሩ ዙር ጋር ለሚያስተባብረው ሰንሰለት) መበላት የተለየ ፈተና ማለፍ አለባቸው፤ ተራው ኤስኤን ግን ይህን አይጠየቅም። እንግዲህ ከሦስቱ ጋሎኖች ውዱ ኤስኤን ብቻ ቢል፣ ርካሹ ደግሞ ኤስፒ ቢል፣ እኔ ያለማመንታት ርካሹን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው የመኪና አምራቾች ፈቃድ ነው። ቮልስዋገን 504.00፣ መርሴዲስ ቤንዝ 229.5፣ ጀነራል ሞተርስ ዴክሶስ 1 የሚሉ ቁጥሮች እያንዳንዱ አምራች በራሱ ሞተር ላይ ያስፈተናቸውን ዘይቶች ለመለየት የሚሰጣቸው ናቸው። መጽሐፍዎ እንዲህ ያለ ቁጥር ካስቀመጠ ቁጥሩን ራሱን በጋሎኑ ላይ ይፈልጉ፤ በዙሪያው ያለውንም ቃል ልብ ይበሉ። «ፈቃድ ያገኘ» የሚለው የመኪናው አምራች መርምሮ ተቀብሎታል ማለት ነው። «መስፈርቱን ያሟላል» ወይም «ለእነዚህ መኪኖች ይመከራል» የሚለው ግን ዘይት ሻጩ ራሱ ለራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ችኩል ገዢ በቀላሉ ያምታታቸዋል። ብዙዎቹ አምራቾች ፈቃድ የሰጧቸውን ዘይቶች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርገው ስለሚያቆዩ ከመግዛትዎ በፊት ማመሳከር ይችላሉ።

በእነዚህ በሦስቱ የሚተካከሉ ሁለት ዘይቶች ካገኙ በኋላ ለተጨማሪው ዋጋ ምክንያት መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። የአራተኛና የአምስተኛ ምድብ ዘይት ብርቱ ብርድ ባለበት አካባቢ ለሚነሣ ሞተር፣ ከባድ ጭነት ለሚጎትት መኪና፣ ረጅም መንገድ ተነድቶ ቱርቦው እንደጋለ ለሚጠፋ ሞተር የተሻለ መከላከያ ይሰጣል፤ ዘይት በጋለው የቱርቦ ዘንግ ላይ ተቃጥሎ እንዳይደርቅ የሚረዳው ይህ ጥራቱ ነው። በመጠነኛ የአየር ጠባይ፣ በእርጋታ ለሚነዳ ሰው ግን ያንን ገንዘብ ዘይቱን በጊዜው ለመቀየርና ጥሩ ፊልትሮ ለመግዛት ቢያውለው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ከ280,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ አሮጌ መኪና አለኝ፤ ሁልጊዜ 20ደብሊው-50 ሚኒራል (ከድፍድፍ ዘይት የተጣራ ተራ) ዘይት ነው የምሞላው። ወደ ሲንተቲክ ልለውጥ ስል ጓደኞቼ «ጎሚኒዎቹን በልቶ ያፈስብሃል» ብለው አስፈራሩኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ፍርሃቱ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲክ ዘይቶች አንዳንዶቹ በጊዜው ከነበሩት ጎሚኒዎች ጋር በደንብ ስላልተስማሙ ማፍሰስ ታይቶ ነበር። የዛሬ ዘይቶች ግን ደረጃቸውን ለማግኘት ከጎሚኒ ጋር መስማማታቸውም ይፈተናል፤ ጤነኛ ጎሚኒን አይጎዱም። ልብ ሊሉት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ሞተርዎ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ዝቃጭ ካለ፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎሚኒን ደፍኖ የያዘው ያ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። በማጽዳት የበረታ አዲስ ዘይት ቀስ በቀስ ሲያጥበው ቀድሞም የነበረው ቀዳዳ ይገለጣል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን አዲሱ ዘይት ነው።

ሞተርዎ የማያፈስና ዘይት የማይበላ ከሆነ፣ መጽሐፉ በሚፈቅደው ውፍረት ወደ ሲንተቲክ ቢለውጡ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያውን ሙሌት ከተለመደው ጊዜ ቀደም አድርገው ይቀይሩት፤ የሚታጠበው ቆሻሻ ፊልትሮው ላይ ስለሚጠራቀም ፊልትሮውንም አብረው ይለውጡ። በእነዚያ ወራት የዘይት መለኪያውን ዘንግ በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዘንጉን ያውጡ፣ በጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡ፣ እንደገና አውጥተው በሁለቱ ምልክቶች መካከል የዘይቱ ጠርዝ የት እንደደረሰ ያንብቡ። በብዙ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል።

ሞተሩ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣና በየጊዜው ዘይት የሚጨመርለት ከሆነ ግን ውድ ሲንተቲክ እንዲገዙ አልመክርዎትም። ያለቀ ፋሻን (የፒስተኑን ዙሪያ የሚያጠብቀውን ቀለበት) የትኛውም ዘይት መልሶ አያድሰውም፤ ገንዘቡ የሚቃጠል ዘይት ላይ ከሚፈስ ለጥገናው ቢቀመጥ ይበጃል። እስከዚያው ረጅም ኪሎ ሜትር ለሄዱ ሞተሮች የሚዘጋጁትን፣ የደረቀ ጎሚኒን የሚያለሰልስ ኬሚካል ያለባቸውን ዘይቶች መሞከር ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ አንድ የቤንዚን መኪናና የጥላሸት ማጣሪያ ያለው አንድ የናፍጣ መኪና አለ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጥሩ ሲንተቲክ ዘይት በብዛት ገዝተን ብናስቀምጥ ይቻላልን?

መልስ፦ ከናፍጣው ይጀምሩ፣ ምክንያቱም የሚያስቸግረው እርሱ ነው። በዘይት ውስጥ ያሉት ብረት ያዘሉ ኬሚካሎች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። ማጣሪያው ጥላሸትን በሙቀት አቃጥሎ ራሱን ሊያጸዳ ይችላል፤ አመድ ግን ስለማይቃጠል ማጣሪያውን እስኪደፍነው ድረስ እዚያው ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር የሲ ምድብን ደነገገ። ለምሳሌ ሲ3 ዘይት ሊኖረው የሚፈቀደው የአመድ መጠን ከ0.8 በመቶ አይበልጥም፤ ማጣሪያ ለሌላቸው ሞተሮች የሚሆኑት ኤ3/ቢ4 ዘይቶች ግን እስከ 1.6 በመቶ ይፈቀድላቸዋል። ሁለቱም ሙሉ ሲንተቲክ፣ ሁለቱም 5ደብሊው-40፣ ሁለቱም ውድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን የናፍጣ መኪናዎን ማጣሪያ ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል።

የሁለቱም መኪኖች መጽሐፍ አንድ ዓይነት የሲ ደረጃና አንድ ዓይነት ውፍረት የሚቀበል ከሆነ አንድ ዘይት መግዛት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ መገጣጠም እምብዛም ብርቅ አይደለም። ካልተገጣጠሙ ግን ሁለት ጋሎን ገዝቶ በላያቸው ላይ የመኪናዎቹን ስም በጉልህ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሲንተቲክ ከሞላሁ 15,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳልቀይር መንዳት እችላለሁ ወይ? ዘይቱ ቶሎ ስለሚጠቁርብኝ እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ ርቀቱን የሚወስነው የመኪናው መጽሐፍ ነው፤ ጋሎኑ ላይ የተጻፈ ተስፋ መጽሐፉን አይሽረውም። አብዛኞቹ መጻሕፍት ለከባድ አጠቃቀም አጠር ያለ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ ከባድ አጠቃቀም የሚሉትም ብዙ ሰው የተለመደ የሚለውን ነው፦ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራት፣ አቧራ፣ ጭነት መጎተት። በአጭር ጉዞ ጊዜ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፤ በዘንጉ ላይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ካዩት ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተዎት ኪሎ ሜትሩን ሳይጠብቁ ይቀይሩት። ርቀቱ ባይሞላም መጽሐፉ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ ሲደርስ መቀየር ይገባል። መጥቆሩ ግን አያስደንግጥዎ፤ ቆሻሻን በውስጡ ይዞ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ዘይት ሥራውን ሲሠራ ይጠቁራል፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጠቁር ይችላል።

ጥያቄ፦ ውድ ዘይት ስንገዛ በተጭበረበረ እንዳንታለል ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ የታወቀ ስም ያለው ጋሎን ውስጥ የተጣራ አሮጌ ዘይት ወይም ደረጃ የሌለው ዘይት ሲሞላ ገዢው የሚያውቀው ሞተሩ ከተጎዳ በኋላ ነውና። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል መግዛትና ደረሰኝ መቀበል ነው። ዋጋው ከወኪሉ እጅግ የወረደ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ሳይቆረጥ መኖሩን፣ ከክዳኑ ሥር ያለው መዝጊያ ከዳር እስከ ዳር ተጣብቆ መቆየቱን፣ በጋሎኑ ላይ የታተመው የምርት መለያ ቁጥር ሳይፋቅ መነበቡን ይመልከቱ፤ ፊደላቸው የደበዘዘና የተዛነፈ ጽሑፎችም ያጠራጥራሉ። ብዙ አምራቾች በክዳኑ ወይም በጀርባው ላይ የሚያስቀምጡትን ኮድ በስልክ አንሥቶ ማረጋገጥ ስለሚቻል ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት። ዘይቱን ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀይሩ ከሆነ ጋሎኑ በፊትዎ ይከፈት፤ ባዶውን ጋሎንም ወስደው ይብሱት ወይም ክዳኑን ለይተው ይጣሉት፤ አጭበርባሪዎች የሚፈልጉት እውነተኛ ባዶ ጋሎን ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ዘይት ቢጎድልና የራሴን ብራንድ ባላገኝስ?

መልስ፦ ሳይዘገዩ ያገኙትን ይጨምሩ። የኤፒአይ ደረጃ ያላቸው ዘይቶች እርስ በርስ መቀላቀል እንዲችሉ ስለሚፈተኑ ሲንተቲክ ከሚኒራል፣ አንዱ ብራንድ ከሌላው ቢገናኝ ሞተር አይጎዳም፤ የዘይት እጥረት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳዋል። ውፍረቱና የአገልግሎት ደረጃው ከመጽሐፍዎ ጋር የሚቀራረበውን መርጠው፣ በጥቂቱ እየጨመሩና ዘንጉን እያዩ፣ ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ከተቀላቀለ በኋላ ግን የሲንተቲኩን ረጅም የመቀየሪያ ጊዜ አይጠብቁ፤ ለሚኒራል ዘይት በተሰጠው ርቀት ይቀይሩት።