ለአሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ኤስኤስዲ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ደሴ ነው የምኖረው። ላፕቶፔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስከፍተው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ አይነሳም። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) አስገቢበት ተባልኩ። ፒያሳ ስጠይቅ አንዱ ሳታ ይበቃሻል አለኝ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ ካልሆነ አትልፊ አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ላፕቶፑ ገና አልሞተም። ሳታና ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲው ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ሳታ የቆየው፣ ኤንቪኤምኢ ፈጣኑ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ጀርባው ይፈታና ውስጡ ይታይ። ያለው የ2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ቦታ ብቻ ከሆነ ኤንቪኤምኢ መግቢያ የለውም፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሳታ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ኤንቪኤምኢ 3,500 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ግን ወርድ ለምትከፍችና ኢንተርኔት ለምታይ ሰው ይህ ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ትልቁ ለውጥ ከሃርድ ዲስክ መላቀቁ ነው።

መጠኑን በተመለከተ 256 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል። ትንሽ ጨምረሽ 512 ብትወስጂ ይሻላል። ሻጩን «ቲኤልሲ ነው ወይስ ኪውኤልሲ?» በይው። ሁለቱ የኤስኤስዲው ቺፕ ዓይነቶች ናቸው፤ ቲኤልሲው ብዙ ጊዜ ቢጻፍበት ይችላል፣ ዋጋቸው ከተቀራረበ እሱን ያዢ።

«2 ቴራባይት በ256 ዋጋ» ካለሽ ግን ጥለሽ ውጪ። እንዲህ ዓይነቱ ካርቶኑ ያምራል፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የሠርግ ፎቶሽን ይበላዋል። ደረሰኝና ዋስትና ሳትቀበይ አትክፈይ።

አሮጌውን ዲስክም አትጣይው፤ በዩኤስቢ መያዣ ከገባ ለፋይል ማስቀመጫ ይሆንሻል።