ደብተርህ ውስጥ የጎደለው ሰው

ከደብረ ሲና የጻፈልኝ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

«ጋሼ፣ በአጎቴ ልጅ ኮምፒዩተር የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። የወደፊቱን ዘመን የሚያሳዩትን ነው የምወደው። መተኮሱ ብዙም አይስበኝም። የሚገርሙኝ የሚያሳውሩት ዕቃዎች ናቸው። አንዷ ኳስ ስትፈነዳ ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ሌላዋ ታጥፋ ግድግዳ ትዞራለች። አንዷ ደግሞ ራሷ ዓይን ናት፤ ካየሃት ዙሪያህ ይጨልማል። የሁሉንም አሠራር ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ 43 ገጽ ሆኗል። አባቴ ጤና እንድማር ይፈልጋል። ጌሙን ሲያይ ‹ይሄ ደግሞ እንጀራ ይሆናል?› ይለኛል። ይሆናል? ምን ልማር? ደግሞስ ማታ ማታ መጫወቴ ዓይኔን ያጠፋዋል?»

ከደብተሩም አራት ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ ከደብተሩ ልጀምር። አራቱንም ገጽ አጉልቼ አየኋቸው። እያንዳንዷ ዕቃ በስንት ሰከንድ እንደምትፈነዳ፣ ነጩ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ ግድግዳ ጀርባ ያለን ሰው ትይዝ እንደሆነ በሠንጠረዥ አስፍረሃል። ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተህ አማካዩን አውጥተሃል። ይሄን ማንም አላዘዘህም። ዲግሪ ይዘው ቢሮዬ ከሚመጡት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳየኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብተሩን አትደብቀው።

ግን አንድ ሰው ጎድሎበታል። ሁሉም ነገር የተጻፈው በወርዋሪው በኩል ነው። እንዴት ትወረወራለች፣ የት ትደርሳለች፣ ስንት ሰው ትይዛለች። የታወረው ሰውስ? ምን አየ? ምን ሰማ? ማምለጫ ነበረው? ጌም ሠሪ ደሞዝ የሚበላው በአብዛኛው ስለዚያኛው ሰው በማሰቡ ነው።

ይሄ የገባኝ ባለፈው ሐሙስ ነው። ላንተ መልስ ልጽፍ ብዬ እዚህ ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ ያለ ጌም ቤት ገባሁ። ዕድሜው አሥራ አምስት የሚሆን ልጅ አጠገቤ ተቀመጠና አስተማሪዬ ሆነ። በትሕትና «ጋሼ በዚህ ይሂዱ፣ እዚህ ይደበቁ» እያለ ይመራኛል። አንድ በር አጠገብ ስደርስ ትንሽ ነገር መሬት ላይ ነጥራ እግሬ ሥር ወደቀች። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲለኝ የነበረው ልጅ «ዙር! ዙር!» ብሎ ጮኸብኝ። አልዞርኩም። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ገባ፤ የእግር ኮቴው፣ የተኩሱ ድምፅ፣ ሁሉም ውኃ ውስጥ እንዳለሁ ያህል ራቀ። ጣቶቼ ግን ዝም አላሉም፤ የማይታይ ሰው ላይ ይተኩሳሉ። ከዚያ ነጩ ሳሳ። መጀመሪያ የበሩ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የአንድ ሰው ጥላ ታየኝ። ሞትኩ። ልጁ ሳቁን በእጁ ሸፍኖ «ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። ይቅርታው ለሞቴ ይሁን ለ«ዙር» አልገባኝም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ከደብረ ሲና ወደዚህ ስትመጣ የጣርማ በርን ዋሻ ታልፋለህ። እኩለ ቀን ላይ፣ ጉም ከሌለ፣ ከዋሻው ስትወጣ ብርሃኑ ዓይንህን ይመታሃል። ሹፌሩም ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሆን ግን ዓይን ቀርፋፋ ነው፤ በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ዓይናችን ውስጥ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የኋላ ንጣፍ ላይ፣ ብርሃን የሚይዝ ቀለም አለ። ድንገተኛ ኃይለኛ ብልጭታ ሲመጣ ያ ቀለም ባንዴ ያልቃል። እስኪተካ ድረስ የብልጭታው ምስል እንደ ማኅተም ዓይንህ ላይ ታትሞ ይቀራል። ዓይን የሚጨፈነው ደግሞ ሩብ ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ነው፤ ብልጭታው እስከዚያ ሥራውን ጨርሷል። ወታደሮች የሚጠቀሙበት ኤም 84 የሚባለው አደንዛዥ ቦምብ ከ1 ሚሊዮን ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) በላይ ብርሃንና ከ170 እስከ 180 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ የሚያወጣው ይሄን አስቦ ነው።

ስክሪን ይሄን ማድረግ አይችልም። ቀትር ላይ ፀሐይ ያረፈበት በኖራ የተቀባ ግድግዳ ከስክሪንህ ነጭ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ጌሙ ዓይንህን አያሳውርም። መረጃ ነው የሚቀማህ። በሥዕሉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ይደርባል፣ ድምፁን ያፍናል፣ በቃ። አንዳንዶቹ ከመፈንዳቷ በፊት ያየኸውን የመጨረሻ ምስል ነጩ ላይ ደብዘዝ አድርገው ያስቀሩታል፤ የዚያ የሬቲና ማኅተም አስመሳይ መሆኑ ነው። ጎበዝ የሆነ ሰው ነው ያሰበው።

ማን ምን ያህል ይታወር የሚለውን የሚወስነው ሒሳብ ነው። ፊዚክስ ላይ ቬክተር ስትማሩ «ይሄ ደግሞ ምን ሊጠቅመን ነው?» ብላችሁ ይሆናል። ይኸውልህ። አንድ ቀስት ተጫዋቹ ወደሚያይበት ይጠቁም። ሌላ ቀስት ከተጫዋቹ ዓይን ወደ ኳሷ ይሂድ። የሁለቱን ርዝመት 1 አድርገህ ዶት ፕሮዳክታቸውን አውጣ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ኮሳይን ማለት ነው። ፊት ለፊት ካያት 1 ይሆናል። 60 ዲግሪ ዞር ካለ 0.5። ጎኑን ከሰጣት 0። ጀርባውን ከሰጣት ከዜሮ በታች። ነጩ ቢበዛ 3 ሰከንድ ይቆይ ብለህ ከወሰንክ 60 ዲግሪ የዞረው 1.5 ሰከንድ ይታወራል ማለት ነው። ጌም ቤት ያለው ልጅ «ዙር!» ያለኝ ለዚህ ነው፤ ኮሳይን እየጮኸብኝ ነበር። ከዚያ ከኳሷ ወደ ዓይን የማይታይ መስመር ትሰድዳለህ፤ ግድግዳ ከነካ ሰውየው ድኗል። ርቀቱንም ትቆጥራለህ።

በኮምፒዩተሩ የሚንቀሳቀሰው ጠላት፣ ቦት የሚባለውስ? እሱ ዓይን የለውም። ነጭ ብትደርብበት ግድ የለውም። «እስከዚህ ሰከንድ ድረስ አታነጣጥር» ብለህ መጻፍ አለብህ፤ ክንዱንም ፊቱ ላይ እንዲያደርግ ታደርገዋለህ፣ ተጫዋቹ እንዲያምን። ደብተርህ ላይ «ቦቶቹ ዝም ብለው ያስመስላሉ» ብለህ በቀይ ጽፈሃል። ትክክል ነህ። ያ ማስመሰል ነው ሥራው።

አጭበርባሪዎችም አሉ። ነጩን የሚስለው የተጫዋቹ የራሱ ኮምፒዩተር ስለሆነ ያንን አራት ማዕዘን የሚያጠፋ ፕሮግራም የሚጭን ሰው አይታወርም። እነዚህን መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይሄንን የተማረ ሰው ባንክም ይፈልገዋል።

የወደፊቱን ዘመን የሚያሳዩ ጌሞች እዚህ ላይ ነፃነት አላቸው። እውነተኛ ቦምብ እንዴት እንደሚሠራ አይጨነቁም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ቫሎራንት በሚባል ጌም ውስጥ ፊኒክስ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚወረውራት ኳስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሬይና የተባለችው ሌላ ገጸ ባሕርይ የምትልካት ዓይን አየር ላይ ትንሳፈፋለች፤ ያያት ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን ብቻ ያያል፤ ግን ተኩሶ ሊያጠፋት ይችላል። የኦመን ጥላ ግድግዳ ሰንጥቃ ታልፋለች። አሁን በታወረው ሰው ዓይን ተመልከታቸው። ኳሷን ፊት በማዞር ታመልጣለህ። ዓይኗን በመተኮስ። ጥላዋን ከመንገዷ በመሸሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሄሎ 3 ደግሞ ፍሌር የምትባል ዕቃ ነበረችው፤ የጣላትንም ሰው ጭምር ታሳውራለች። እኔ በጣም የወደድኳት እሷን ነው። ወርዋሪውም ዋጋ ይከፍላል። ማምለጫ የሌላት ዕቃ ተጫዋች ታናድዳለች፤ የተናደደ ተጫዋች ጌሙን ይዘጋል። ስለዚህ 43ቱ ገጽ ላይ ከእያንዳንዷ ዕቃ ጎን «ማምለጫው» የሚል አንድ ዓምድ ጨምር። የቀረው ሥራህ ይሄ ነው።

አንድ ዓምድ ደግሞ ለጤና። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የፖኬሞን ክፍል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ በፍጥነት ተፈራረቀ፤ 685 ሰው ሆስፒታል ተወሰደ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ብልጭታ አንዳንድ ሰው ላይ የሚጥል በሽታ ይቀሰቅሳል። ዛሬ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች የወጣው መመሪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አይብለጭለጭ ይላል። ነጯን ኳስ ስትሠራ ይቺን ቁጥር ያዝ።

አሁን ወደ እንጀራው። እውነቱን ልንገርህ። እዚህ አገር በጌም ብቻ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው። የለም ግን አይባልም፤ ቅኔ ጌምስ የሚባለው የአገራችን ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን ጌም ሠርቷል፣ ገበታንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሥራው ብዙ ዓይነት ሰው ይፈልጋል፦ ፕሮግራመር፣ ሠዓሊ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ሕጉን የሚቀርጽ ዲዛይነር፣ ቀኑን ሙሉ ስህተት የሚለቅም ሞካሪ። ያንተ ደብተር የሞካሪና የዲዛይነር ደብተር ነው። ነገር ግን «የጌም ዲዛይን» የሚል ዲፓርትመንት አትጠብቅ። እኔ ብሆን ኮምፒዩተር ሳይንስ እመርጣለሁ፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም አለ፣ ለቤትህም ቅርብ ነው። ጌሙ ባይሳካ ከባንክ እስከ ቴሌ የሚፈልገው ዕውቀት ነው። ጌሙን ብቻ አስበህ ሌላውን በር ሁሉ ከዘጋህ ግን ከአባትህ ጋር ነኝ።

ስለ አባትህ ትንሽ ልበል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር። አንተ ልጅ ነበርክ። እሳቸው ግን ከነቤተሰባቸው አሳልፈውታል። ከክፍልህ የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ ሲሰሙ «እንጀራ ይሆናል?» የሚሉት ስለ ደሞዝ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጠይቃቸው። እስከዚያው በጆሮ ማዳመጫ ተጫወት። ሌላም ነገር ንገራቸው፦ በእውነተኛው ዓለም ሰውን ለዘለቄታው ለማሳወር የተሠራ የጨረር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ቪየና ላይ በጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። አንተ የምታጠናው ታይቶ የሚለቅ ነጭ ነው።

ጤና ይማር ማለታቸውንም ቶሎ አትግፋው። የሚገርምህ ዓይን ከሆነ ኦፕቶሜትሪ የሚባል ትምህርት አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። መነጽር የሚለካው፣ እይታ የሚመረምረው ባለሙያ ማለት ነው። ደብተርህን ሳነብ ግማሹ የዓይን፣ ግማሹ የሒሳብ ጥያቄ ነው። የቱ ይበልጣል? እሱን እኔ ልወስንልህ አልችልም፤ ግን ማወቂያ መንገድ አለ።

ከፈተናው በኋላ ጎዶ የሚባለውን ጌም መሥሪያ አውርድ። ነፃ ነው፤ ደከም ባለ ኮምፒዩተርም ይሠራል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚሠራም አለው። ፕሮግራሚንግ ከዜሮ ለመጀመር 2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ነፃ ነው። ትልቅ ነገር አታስብ። አንድ ክፍል፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ነጭ አራት ማዕዘን። ጠላት አያስፈልግም፤ መሣሪያም አያስፈልግም። ሲሠራልህ እኅትህን አስቀምጣትና አጫውታት። አንተ ስክሪኑን አትይ፤ ፊቷን እይ። አንገቷን ወደኋላ ስታደርግ፣ ጣቷ ሲደናገር ጻፍ። አታስረዳት፣ «እዚህ ጋ ዙሪ» አትበላት። ሁለት ሳምንት ሠርተህ አሁንም ሌሊት የሚያስነሳህ ኮዱ ከሆነ ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው። የሰውየው ዓይን ውስጥ ምን ሆነ የሚለው ከሆነ አባትህ ሳያውቁት ልክ ናቸው። ፍሬሽማን ላይ ዲፓርትመንት የሚያስመርጥህ ውጤትህ ስለሆነ ለሁለቱም ፈተናውን በደንብ ሥራ።

ዓይንህ አይጠፋም። ብዙ ሰዓት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ግን ዓይን ያደርቃል፤ ሰው ሲያፈጥ መርገብገብ ይረሳልና። መብራት አብርተህ ተጫወት፣ በየመሐሉ ተነሥተህ በመስኮት ራቅ ያለ ነገር እይ፤ ደብረ ሲና ላይ የሚታይ ገደል ሞልቷል። ብልጭታው ራስ ምታት ወይም ማጥወልወል ካመጣብህ ግን ጌሙን ዘግተህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ አለሁ። ደብተሩን ይዘህ ና፤ ቀሪውን 39 ገጽ ማየት እፈልጋለሁ። አባትህም ከመጡ ደስ ይለኛል፤ ሻይ በኔ ነው።